እግሯን የዘረጋችው ፊደል

ኖኤሚ ስትደርስ ግድግዳው ላይ ከተሳለው ኦክቶፐስ ስምንት ክንዶች የቀሩት ሦስት ብቻ ነበሩ። አንዱ ሎሚ ይዟል፤ አንዱ ማንኪያ፤ ሦስተኛው ደግሞ ፀሐይ እንዳይመታው የፈራ ይመስል ትንሽዬ ጃንጥላ ዘርግቷል። የቀረውን ገላውን ግራጫ ቀለም ውጦታል። መሰላል ላይ የቆመው ሠራተኛ ሩሎውን ባልዲ ውስጥ ነክሮ አወጣና ሎሚ የያዘውን ክንድ ከላይ እስከ ታች ደመሰሰው።

«ምን እያደረጉ ነው?» አለችው።

«ቀለም እየቀባሁ» አላት ዞር ሳይል።

«እሱማ ይታየኛል። ለምን?»

«ግራጫ ቀቡ አሉን፣ ግራጫ እቀባለሁ። ሮዝ ቢሉኝ ሮዝ እቀባ ነበር። ይልቅ ከሥሬ ዞር በይ፣ ይንጠባጠብብሻል።»

የዓሣ ሾርባ ሻጩ ዶን ሉፔርሲዮ ሱቃቸው በር ላይ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ሱቁ «ኤል ማር» ይባላል፤ ባሕሩ ማለት ነው። የሜክሲኮዋ ፑዌብላ ከባሕር የቱን ያህል እንደምትርቅ ለሚያውቅ ሰው ስሙ ራሱ ቀልድ ነበር። በሳን ሮኬ ገበያ መግቢያ በኩል ያለፈ ሁሉ ግን ያንን ኦክቶፐስ ሳያይ አያልፍም።

«ዶን ሉፔርሲዮ፣ ዝም ብለው ያያሉ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ደብዳቤ መጣ። የገበያው ገጽታ ወጥ ይሁን ብሏል የወረዳው ጽሕፈት ቤት። ወጥ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው፣ የአመድ መልክ። እምቢ ያለ ሱቁ ይታሸጋል።» አንገታቸውን ቀና አድርገው ጃንጥላውን አዩት። «ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል። ገበያ ሲቀዘቅዝ እንኳ እሱ ክንዱን ዘርግቶ ሰው ይጠራልኝ ነበር።»

የኖኤሚ ጆሮ ጋለ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ስትናደድ ፊቷ ሳይሆን ጆሮዋ ነው የሚቀላው። «በምትኩስ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«ለሁሉም አንድ ዓይነት የፕላስቲክ ሰሌዳ። ምሰሶው ላይ ለጥፈውታል፣ እይው።»

ሄዳ አየችው። ነጭ ወረቀት ላይ በትልልቁ «የሳን ሮኬ ገበያ፦ ንጹሕ፣ አዲስ፣ ወጥ» ተብሎ ተጽፏል። ቃሉን ከማንበቧ በፊት ግን ፊደሎቹን አየች። «አር» የምትባለው የላቲን ፊደል አንድ እግሯን ወደፊት ዘርግታለች፤ ጭፈራ ልትጀምር ቀሚሷን ሰብሰብ ያደረገች ሴት ትመስላለች። ያንን እግር ኖኤሚ ከሩቅ ታውቀዋለች። አሁን ከጀርባዋ፣ «ኤል ማር» የሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ፣ ያቺው ፊደል የመደምሰስ ተራዋን እየጠበቀች ነው።

ከወረቀቱ ግርጌ በትንንሹ እንዲህ ይል ነበር፦ «የወጣቶች የፊደል ንድፍ ውድድር አንደኛ ተሸላሚ። ንድፍ፦ ዳማሪስ ኦልቬራ። ረዳት፦ ኖኤሚ ፔሬግሪኖ።»

የራሷን ስም ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ውድድሩን ማሸነፋቸውን ከቅዳሜ ጀምሮ ታውቃለች። ጓደኛዋ ዳማሪስ ደውላ ጮኻ ነግራት፣ አብረው ጮኸዋል። ሽልማቱ በበጋ እረፍት ዋና ከተማ ሄዶ ሁለት ሳምንት የግድግዳ ሥዕል መማር ነው፤ ለሁለቱም። የኖኤሚ እናት ያልነገረችው የሕንፃው ነዋሪ የለም። ኖኤሚ ግን ንድፉን አላየችውም ነበር። «ሰርፕራይዝ ነው» ብላታለች ዳማሪስ።

ነገሩ የተጀመረው መስከረም ላይ ነው። ለውሃ ቧንቧ ተብሎ ዋናው መንገድ ተቆፈረና አውቶቡሱ ቀረ፤ ኖኤሚም ከትምህርት ቤት ቤቷ ድረስ አርባ ደቂቃ በእግሯ መሄድ ግድ ሆነባት። የመጀመሪያውን ሳምንት ቦርሳዋንም መንገዱንም ስትራገም ጨረሰችው። በሁለተኛው ሳምንት አንገቷን ቀና አደረገች። ጎማ ጠጋኙ በር ላይ ፋሻ የታሰረለት ጎማ እንባውን ያፈሳል። ልብስ ሰፊዋ ጋ መቀስ በሁለት እግሩ ቆሞ እጅ ይነሳል። ሥጋ ጠባሹ ጋ ደግሞ ሽርጥ የታጠቀች አሣማ ድስት ታማስላለች፤ አንድ ጉንጯ አብጧል፤ ድስቱ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ የገባት አትመስልም።

ዳማሪስ ቤቷ በተቃራኒው አቅጣጫ ቢሆንም አብራት መሄድ ጀመረች። ለያንዳንዱ ሥዕል ስም የምታወጣው እሷ ናት። አሣማዋን «ምስኪኗ ፔትራ»፣ መቀሱን «ሻለቃው» አለቻቸው። አንድ ቀን ኖኤሚ መሐል መንገድ ላይ ቆመችና «ሁሉም የአንድ ሰው እጅ ነው» አለች። ፀሐይዋ በየትም በኩል ብትሆን የሥዕሎቹ ጥላ ሁልጊዜ ወደ ግራ ይወድቃል። ሰማያዊው ቀለም ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት ቡኒ አለ። «አር» ደግሞ በየቦታው እግሯን ትዘረጋለች። ጥጉ ላይ፣ ፈልጎ ለሚያገኝ ብቻ፣ «ባውቲስታ» የሚል ፊርማ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ልጆች በቀጥታ መንገድ ቤታቸው ገብተው አያውቁም። ያላዩት ጎዳና ሲገኝ ይታጠፋሉ። መሐል ከተማ ያለው ሙዚየም ውስጥ ጠባቂው «አትጠጉ» ይላል፤ እዚህ ግን ኖኤሚ ጣቷን ግድግዳው ላይ አድርጋ ብሩሹ የሄደበትን ጭረት ትዳብስ ነበር፤ የቱ ላይ እንደፈጠነ፣ የቱ ላይ እንደቆመ። መቶ አርባ ሦስት ፎቶ አነሳች። ኮምፒውተር ያላት ዳማሪስ ስለሆነች ሁሉንም ለዳማሪስ ላከችላት።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሁለቱ የትምህርት ቤቱ ግቢ ውሃ ቧንቧ ጋ ተገናኙ።

«ፊደሎቹን ገልብጠሻቸዋል» አለች ኖኤሚ።

ዳማሪስ ፊቷ ላይ የነበረው ፈገግታ ቶሎ አልጠፋም፤ የሚሄድበትን እንዳጣ እንግዳ ትንሽ ቆየ። «አነሳሳኝ እንጂ አልገለበጥኩም። ሁሉም አርቲስት ከሆነ ነገር ነው የሚነሳው።»

«እግሯን ሳይቀር?»

«አቦ ኖኤሚ፣ ፋራ አትሁኚ። የመንገድ ጽሑፍ ባለቤት የለውም። ደግሞ ሁሉንም ግራጫ እየቀቡት ነው፤ እኔ ባልወስደው ጠፍቶ ይቀር ነበር። እንደውም አዳንኩት።»

«ቅጹ ላይ ‹የራሴ ፈጠራ ነው› የሚል መስመር አለ አይደል? ፈርመሻል?»

«ለሁለታችንም ፈርሜያለሁ። ስምሽን ያስገባሁት እኮ ወድጄሽ ነው። ብቻዬን ልሄድ እችል ነበር።» ዳማሪስ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባውቲስታ የሚባለውን ሰውዬ አግኝተሽው ታውቂያለሽ? አታውቂም። ሞቶም ይሆናል። ማን ይጎዳል? ንገሪኝ፣ አንድ ሰው ጥሪልኝ።»

ኖኤሚ የምትጠራው ሰው አልነበራትም። ያናደዳትም እሱ ነው። አምስት ወር ሙሉ የሰውየውን እጅ ስትከተል፣ የት እንደሚኖር የመጠየቅ ሐሳብ አንድ ቀን እንኳ አልመጣላትም።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ መጠየቅ ጀመረች። ጎማ ጠጋኙ አያውቅም፤ ሱቁን የገዛው ከነሥዕሉ ነው። ልብስ ሰፊዋ «ቁልፍ ሠሪውን ጠይቂው፣ እሱ የድሮ ሰው ነው» አለቻት። ቁልፍ ሠሪው የሚሞርደውን ቁልፍ አስቀምጦ ሳቀ።

«ባውቲስታ? ባውቲስታ ብሩሽ ይዞ አይቼው አላውቅም። መሰላል ተሸክሞ ነው የማውቀው። የምትቀባው ሚስቱ ነበረች።»

«ታዲያ ለምን የሱ ስም ተጻፈ?»

«ያኔ ለሴት ማን ሥራ ይሰጣል ብለሽ ነው? እሱ ይነጋገራል፣ እሷ ትሠራለች። መጨረሻ ላይ ስሙን የምትጽፈውም እሷው ነበረች።» ቁልፉን መልሶ አነሳ። «ዶኛ ካሲልዳ። ከቶርቲያ ወፍጮው በላይ ነው የምትኖረው።»

ኖኤሚ ከታች የበቆሎ ቂጣ እየሸተታት ደረጃውን ስትወጣ ጆሮዋ እንደገና ግሎ ነበር። በሩን የከፈቱላት መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ አጭር አሮጊት ናቸው።

«ስብከት ከሆነ አመሰግናለሁ፣ አለኝ» አሉ።

«ስብከት አይደለም። ስለ ኦክቶፐሱ ነው የመጣሁት።»

አሮጊቷ መነጽራቸውን አደረጉና ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት። ከዚያ በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱ። ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ቦሎቄ ተዘርግቷል፤ ጠጠሩን እየለቀሙ ነበር። ኖኤሚ ስልኳን ሰጠቻቸው። ዶኛ ካሲልዳ በአንድ ጣታቸው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አሳለፉ። አሣማዋ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህቺን ስቀባ ጥርሴን አሞኝ ነበር። ጉንጯ አብጦ ያየሽው ለዚህ ነው።» ቀጠሉ። «ኧረ ይሄ አለ እንዴ? የፈረሰ መስሎኝ። ይሄኛውን አልወደውም፣ ቸኩዬ ነው።»

«ይህች ፊደልስ?» ኖኤሚ «አር»ን አሳየቻቸው። «ለምንድን ነው እግሯ እንዲህ የሆነው?»

«ስሕተት ነዋ። ‹ኤል ማር›ን ስጽፍ ቦታውን በደንብ አልለካሁትም፤ መጨረሻ ላይ ሁለት እጅ የሚያህል ባዶ ቀረ። አጥፍቼ እንዳልጀምር ቀለሙ አይበቃም። እግሯን ሳብ አድርጌ ባዶውን ሞላሁት። ሉፔርሲዮ ሲያየው ‹ትጨፍራለች› ብሎ ወደደው። ከዚያ ወዲያ ቦታ ሲተርፈኝ ሁሉ እያስጨፈርኩ ቀረሁ።»

ኖኤሚ የምሰሶውን ወረቀት ፎቶ አወጣች። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ዶኛ ካሲልዳ ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ አንድ ፍሬ ቦሎቄ አንስተው ፊደሏ ላይ አስቀመጡባት።

«እዚህ ጋ መሐል ቃል ላይ ናት። ቦታ አልተረፋትም። እግሯን ዘርግታ ጎረቤቷን ትረግጣለች። ይህን የጻፈ ሰው ለምን እንደተዘረጋች አያውቅም።» ቀና አሉ። «ማን ሰጣቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች ኖኤሚ። ሁሉንም ነገረቻቸው፤ መንገዱን፣ ፎቶውን፣ ዳማሪስን፣ ውድድሩን። ስትጨርስ «አልሰረቅሁም፣ ግን ሰጠሁ» አለች።

«ፎቶ ማንሳትሽ ጥፋት አይደለም። ይታይ ብዬ ነው መንገድ ላይ ያስቀመጥኩት። ጓደኛሽንም አላውቃትም፣ ልጅ ናት።» ድምፃቸው እየቀጠነ ሄደ። «እኔን ያቃጠለኝ ሌላ ነው። ጠዋት እጄን ቆሻሻ ነው ብለው ይደመስሱታል። ከሰዓት ያንኑ እጄን ፕላስቲክ ላይ አትመው ንጹሕ ነው ብለው ይሰቅሉታል። አርባ ዓመት እኮ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ የዚህን ሰፈር ግድግዳ ያለበስኩት እኔ ነኝ።» ቦሎቄውን ወደ ሳህኑ ሰበሰቡት። «ነገ ስንት ሰዓት ነው ከትምህርት የምትወጪው?»

«ሰባት ተኩል።»

«ጫማዬን አድርጌ እጠብቅሻለሁ።»

በማግስቱ፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤት መስኮት ጋ ክራባት ያሰረ ወጣት ሠራተኛ ተቀምጧል። ክፉ ፊት አልነበረውም። ወንበር አምጥቶ ዶኛ ካሲልዳን አስቀመጣቸው፣ ጉዳዩንም እስከ መጨረሻው ሰማ። ስማቸውን ጠይቆ «ካሲልዳ ኮዮትል» ሲሉት ወረቀት ላይ ጫር አደረገ።

«እማማ፣ ግድግዳዎቹ ላይ ያለው ፊርማ ማን ይላል?»

«ባውቲስታ።»

«እርስዎ ባውቲስታ ነዎት?»

«ባሌ ነበር።»

«እንግዲያው አቶ ባውቲስታ ራሳቸው መምጣት አለባቸው።»

«ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ቢመጣ እኔም ደስ ይለኛል።»

ወጣቱ ፈገግ ላለማለት ከንፈሩን ነከሰ። «እንግዲህ የሞት ማስረጃ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ ሥራውን እርስዎ እንደሠሩት የሚያረጋግጡ ሁለት የጽሑፍ ምስክሮች ይዘው...»

«ምስክርማ መንገዱ ሙሉ ነው።»

«በጽሑፍ፣ እማማ።»

ዶኛ ካሲልዳ ከመስኮቱ ላይ እስክርቢቶውን አነሱ፣ የሱን ወረቀት ወደ ራሳቸው ሳቡ። እጃቸው አንዴም ሳይቆም «አር»ን ጻፏት፤ ጀርባዋን፣ ሆዷን፣ ከዚያ ያንን ረጅም እግር። ኖኤሚ ግድግዳ ላይ በጣቷ የዳበሰችውን ፍጥነት አሁን በዓይኗ አየችው። የት ላይ እንደሚፈጥን፣ የት ላይ ትንፋሽ እንደሚወስድ።

ሠራተኛው ወረቀቱን ዞር አድርጎ አየው። «በጣም ቆንጆ ነው። ማስረጃ ግን አይሆንም። ንድፉን ያየ ማንም ሰው ይህን ሊገለብጠው ይችላል።»

«እኔስ የምለው ምን ሆነና?» አሉ ዶኛ ካሲልዳ።

ወጣቱ እስክርቢቶውን መልሶ ወሰደ። ጎኑ ያሉትን ባልደረቦቹን ገልመጥ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ መንገድ አለ። ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ራሱ መጥቶ ሥራው የኛ አይደለም ብሎ ከፈረመ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ብቻ፣ ቅዳሜ ሽልማቱ ስለሚሰጥ። ግን ማን ሞኝ ነው አሸንፎ እንዲህ የሚያደርግ?»

ኖኤሚ የጫማዋን ጫፍ አየች። «እኔ ነኝ» ማለት ነበረባት። ዋና ከተማው፣ ረጃጅም ግድግዳዎች፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ብሩሽ ይዛ መዋል፣ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊቷ ላይ መጣ። ቦርሳዋን አነሳች። ተነስተው ወጡ።

ደረጃው ላይ ዶኛ ካሲልዳ ክንዷን ይዘው ወረዱ። «ስምሽ የምሰሶው ወረቀት ላይ እንዳለ አይቻለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?»

«የራስሽ ስም ነው። የሰው ስም በሰው ቦታ መጻፍ ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ፤ አርባ ዓመት ጽፌዋለሁ። ያንቺን እኔ አልጽፍልሽም።» ክንዷን ለቀቁ። «በይ ልሂድ፣ ቦሎቄውን እሳት ላይ ጥጄ ነው የመጣሁት።»

ኖኤሚ ወደ ቤቷ አልሄደችም። ዳማሪስ ቤት ሄዳ በሩን አንኳኳች። ዳማሪስ ወጥታ በሩን ከኋላዋ ገርበብ አደረገችው።

«ነገ ልፈርም ነው» አለች ኖኤሚ። «ከጀርባሽ እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው የመጣሁት። ሰው ጥሪልኝ ብለሽኝ አልነበር? ካሲልዳ ነው ስሟ። ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ያቺ እግር ስሕተት ነበረች።»

«የምን ስሕተት?»

ኖኤሚ ነገረቻት። ዳማሪስ ሰማቻት፤ ለአፍታም «ምስኪኗ ፔትራ» የጥርስ ሕመም እንደነበራት ስትሰማ እንደ ድሮው ልትስቅ ምንም አልቀራትም። ከዚያ ዓይኗ በእንባ ሞላ።

«አምስት ቀን ኮምፒውተር ላይ ተቀምጫለሁ። ዓይኔ እስኪቀላ። እሱስ ምንም አይደለም?»

«ምንም አይደለም አላልኩም። አብረሽኝ ነይ። ሁለታችን ብንፈርም ይሻላል።»

«እናቴ ሻንጣ ገዝታልኛለች፣ ኖኤሚ።»

«የኔም እናት ለሰው ሁሉ ነግራለች።»

«ከፈረምሽ አላውቅሽም።» ዳማሪስ በሩን ዘጋች። ከውስጥ የእናቷ ድምፅ «ማነው?» ሲል፣ የሷም መልስ «ማንም» ሲል ተሰማ።

ዓርብ የመምህራን ስብሰባ ስለነበረ ትምህርት የለም። ኖኤሚ ሦስት ሰዓት ላይ ጽሕፈት ቤቱ በር ተሰልፋ ነበር። ከፊቷ ያሉት ሰዎች ስለ ውሃ፣ ስለ ቆሻሻ ማንሻ፣ ስለ ጎረቤት ውሻ ሊከሱ የመጡ ናቸው። አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ተራዋ ደረሰ። ክራባት ያሰረው ወጣት አይቷት «እማማስ?» አለ።

«ብቻዬን ነኝ። ኖኤሚ ፔሬግሪኖ እባላለሁ።»

ወጣቱ ዝርዝሩን አወጣና አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ። ትናንት «ሞኝ» ማለቱ ትዝ ሳይለው አልቀረም፤ አንገቱ ቀላ። ቅጹን በመስኮቱ ቀዳዳ አሾለከላት።

«ከፈረምሽ ሁለታችሁም ትወጣላችሁ። ጉዞውም ይቀራል። በዓመቱም መወዳደር አትችሉም። ገባሽ?»

«ገብቶኛል።»

«ግራጫው ግን አይቆምም። እሱ ሌላ ክፍል ነው። ሰሌዳውም በሁለተኛው ተሸላሚ ፊደል ይሠራል።»

«እሱም ገብቶኛል» አለች፤ ይሄኛውን ስትል ግን ጥርሷን ነክሳ ነው። «የግራጫውን ክፍል የትኛው መስኮት እንደሆነ በኋላ ይነግሩኛል።»

ስሟን ጻፈች። ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ «ፊደሎቹን ከመንገድ ላይ ነው ያገኘናቸው፤ የሠራቸው ሰው አለ» ብላ ጻፈች። ከሥሩ «የሥራው ባለቤት» የሚል መስመር ነበር። እዚያ ላይ ሌላውን ከጻፈችበት በተለየ ቀስ ብላ፣ ትልልቅ አድርጋ የዶኛ ካሲልዳን ስም አሰፈረች። ማህተም ተመታ። አንድ ቅጂ እንዲሰጣት ጠየቀች፤ ቅጂ መስጠት ደንብ አይደለም አላት፤ ቆማ ጠበቀች፤ ሰጣት።

ስትወጣ ዳማሪስን ከመንገዱ ማዶ አየቻት። ኤሌክትሪክ ምሰሶ ተደግፋ ቆማለች። መጥታ ነበር ማለት ነው። ኖኤሚ እጇን አነሳች። ዳማሪስ ግን ፊቷን አዙራ ሄደች፤ በፍጥነት አይደለም፤ ግን አልቆመችም። ኖኤሚ ልትከተላት ሁለት እርምጃ ሄደችና ተወችው።

ቶርቲያ ወፍጮው ጋ ስትደርስ አምስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ደረጃውን ሮጣ ወጣች። ዶኛ ካሲልዳ ወረቀቱን ተቀብለው በመስኮቱ ብርሃን ያዙት። መነጽራቸውን አደረጉ።

«እና በምን ፊደል ሊጽፉት ነው?» አሉ እያነበቡ።

«በሁለተኛው ተሸላሚ።»

«ያስጠላል?»

«በጣም።»

«ይበላቸው» አሉና ማንበባቸውን ቀጠሉ። ጣታቸው ወደ ታች ወረደ። የሥራው ባለቤት የሚለው መስመር ላይ ቆመ። ኖኤሚ የወፍጮውን ድምፅ ከወለሉ ሥር ትሰማ ነበር።

«ል» አሉ ዶኛ ካሲልዳ በመጨረሻ።

«ምን?»

«መጨረሻው ላይ ‹ል› አለ። ‹ኮዮት› ብለሽ ነው የጻፍሽው። የአባቴ ስም ኮዮትል ነው።» ወረቀቱን አጠፉት። «ምንም አይደለም ልጄ። ማን እንደሆነ ይታወቃል።»

ኖኤሚ ወረቀቱን ተቀብላ ዘረጋችው። እውነት ነው፤ በጆሮዋ የሰማችውን ነው የጻፈችው። ጆሮዋ እንደገና ሲግል ተሰማት፤ አሁን የተናደደችው በራሷ ነው።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች።

«አምስት ተኩል። ስድስት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ ይዘጋል፣ ደግሞም ሰልፍ አለ። ተይው፣ ተቀመጪ፣ ቦሎቄ ላውጣልሽ።»

«አስተካክዬ እመጣለሁ፣ ይቆየኝ» አለች ኖኤሚ፤ እስክርቢቶዋ ኪሷ ውስጥ እንዳለ በእጇ ዳብሳ ደረጃውን መውረድ ጀመረች።